መጀመሪያ የእጃችሁን ልክ እወቁ
(ረጅም ሹራብ ለጀማሪዎች)

በመንዝ ብርዱ ከባድ ነው። አገሩ ከፍታ ነው፤ ብዙው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። የመንዝ ሰው ግን ከብርድ ጋር መኖርን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። በግ ያረባል። ጠጉሩን ይሸልታል። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።

እኔ ወደ መንዝ የሄድኩት ፊደል ላስተምር ነው። በሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የሹራብ መሥሪያ መርፌና አንድ ጥቅል ክር ነበረኝ። ማታ ማታ ተማሪዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ከኩራዙ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሹራብ እሠራ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቀደም ብለው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ብቻ ያዩ ጀመር።

«ልጄ፣ ይኼ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሹራብ ነው፣ እትዬ።»

«እጅጌ ይኖረዋል?»

«አዎ፣ ይኖረዋል።»

«እንግዲያው እኔንም አስተምሪኝ። ለእናቴ ነው።»

የእትዬ እናት በጣም አርጅተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ሲያለብሷቸው ይወርዳል። እንዳይወርድ በእጃቸው ሲይዙት ደግሞ እሳት መሞቅ አይችሉም፤ ስኒም መያዝ አይችሉም። «በሌሊት እየተነሣሁ አለብሳታለሁ። ተመልሼ ሳልተኛ ይወርዳል። እጅጌ ያለው ልብስ ግን አይወርድም» አሉኝ።

እኔም «እሺ» አልኩ። ከብርዱ በፊት እንደሚያልቅም ነገርኳቸው። በኋላ እንደምታነቡት፣ ይህን ቃሌን አልጠበቅሁም።

ሽመናና ሹራብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። «ያለ ሸማ ዕቃ ልብስ ይሠራል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ የጀመርኩትን ተቀበሉና በሁለት እጃቸው ሳብ አደረጉት። ተለጠጠ። ለቀቁት፤ ተመልሶ ተሰበሰበ። ሳቃቸውን ተዉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽመና ሁለት ዓይነት ክር አለ። አንዱ ድር ነው፤ ሌላው ማግ ነው። ማጉ በድሩ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሹራብ ግን ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። ክሩ ቀለበት እየሆነ በሌላው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀለበቱ ሲሳብ ይረዝማል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ሹራብ የሚለጠጠው ለዚህ ነው። በቀለበቶቹ መካከል አየር ይቀመጣል። ያ አየር የሰውነትን ሙቀት ይይዛል። የበግ ጠጉር ሌላም ጠባይ አለው። ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ቶሎ ርሶ አይታወቅም። ስለዚህ በጉምና በካፊያ ጊዜ ከጥጥ ይሻላል።

ከፊቱ የተከፈተ ሹራብ በከተማ «ካርዲጋን» ይባላል። ስሙ የመጣው ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ሰውየው ጄምስ ብሩድኔል ነው፤ ማዕረጉ የካርዲጋን ኧርል ነበር። በክሪሚያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1854 ፈረሰኞችን መርቷል። ሰውየው ሞተ፤ ስሙ ግን በሹራብ ላይ ቀረ። እኛ «ረጅም ሹራብ» እንለዋለን።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ክር፦ እትዬ የራሳቸውን በጎች ጠጉር ፈተሉ። ጠጉሩን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠቡት። አላሹትም። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይደድራል። ከደረቀ በኋላ አባዘቱት፤ በእንዝርትም ፈተሉት። ከዚያ ሁለቱን ፈትል አንድ ላይ አድርገው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ገመዱት። ሁለት ሆኖ የተገመደ ክር ቶሎ አይበጠስም። ለሙሉው ሹራብ አንድ ኪሎ ያህል ክር ፈጀ። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ስለዚህ ሹራቡ ከቀሚስ ወይም ከሸሚዝ በላይ ይለበሳል።

መርፌ፦ ሁለት ያስፈልጋሉ። ውፍረታቸው እንደ እርሳስ፣ ርዝመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የኔ ከከተማ የተገዛ ነው። የእትዬን መርፌ ግን ሸማኔው ከወይራ እንጨት ጠርበው ሠሩት። ጫፉን አሾሉት፤ ግን አላሰሉትም። በመስተዋት ስባሪ ፍቀው አለሰለሱት። በሌላው ጫፍ ዐይኖቹ እንዳያመልጡ ጉብታ ተዉለት።

ሌላ፦ የሜትር ክር፣ የጆንያ መስፊያ መርፌ፣ መቀስ፣ ደብተርና እርሳስ። ደብተሩን አትርሱ። ከመርፌው እኩል ያስፈልጋል።

እንዴት ይሠራል?

በመርፌው ላይ ያለውን አንዱን ቀለበት «ዐይን» እንበለው። ከዳር እስከ ዳር ያሉትን ዐይኖች አንድ ጊዜ ሠርተን ስንጨርስ «ረድፍ» እንበለው።

አጀማመር፦ በክሩ ጫፍ ላላ ያለ ቀለበት ቋጥራችሁ በቀኙ መርፌ ላይ አጥልቁ። ይህ አንድ ዐይን ነው። ከዚያ ክሩን በግራ አውራ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙ። የመርፌውን ጫፍ ከጣቱ ሥር ወደ ላይ አስገቡ። ጣታችሁን አውጡና ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ይህ ሁለተኛው ዐይን ነው። የምትፈልጉት ቁጥር እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ ቀጥሉ።

አሠራር፦
1. ዐይኖቹ ያሉበትን መርፌ በግራ እጅ ያዙ። ባዶውን በቀኝ ያዙ። ክሩ ከኋላ ይሁን።
2. የቀኙን መርፌ ጫፍ በመጀመሪያው ዐይን ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ።
3. ክሩን በቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ።
4. የተጠመጠመውን ክር በዐይኑ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ፊት አውጡ። አዲስ ዐይን ተገኘ።
5. አሮጌውን ዐይን ከግራው መርፌ አውልቁ።

ረድፉ ሲያልቅ መርፌዎቹን አዟዙሩና እንደገና ጀምሩ። ሌላ ዘዴ አያስፈልግም። ሹራቡ በሙሉ የሚሠራው በዚህ ብቻ ነው። በጨርቁ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። በአንድ በኩል የሚታየው አንድ ጉብታ መስመር 2 ረድፍ ነው። ስለዚህ የሠራችሁትን ረድፍ ብትረሱ ጉብታውን ቁጠሩና በ2 አባዙት።

አዘጋግ፦ ሁለት ዐይን ሥሩ። የመጀመሪያውን በግራው መርፌ ጫፍ አንሥታችሁ በሁለተኛው ላይ አሻግሩና ጣሉት። አንድ ዐይን ቀረ። ሌላ አንድ ሥሩ፤ እንደገና አሻግሩ። በመጨረሻ አንድ ዐይን ሲቀር ክሩን ቆርጣችሁ በዐይኑ ውስጥ አሳልፉና ሳቡት።

የኔ ስህተት

የእትዬን እናት በሜትር ለካኋቸው። በደረታቸው ዙሪያ 90 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። ሹራቡ ከላይ የሚደረብ ስለሆነ ሰፋ ማለት አለበት። ለጀርባው ብቻ 55 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል አልኩ። የኔን ናሙና ስለካው በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 12 ዐይን ነበር። ስለዚህ ለ55 ሴንቲ ሜትር 66 ዐይን ይሆናል። «እትዬ፣ በ66 ይጀምሩ» አልኳቸው። በደብተራቸው 66 ብለው ጻፉ። ቁጥሩን ሲጽፉ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

በየማታው ሠሩ። ከ12 ቀን በኋላ ሥራው ሁለት ስንዝር ደረሰ። በዚያን ቀን ወደ ቤት ወስደው በእናታቸው ጀርባ ላይ አደረጉት። አልበቃም።

በማግስቱ ይዘውት መጡ። ለካሁት። 44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ዐይኖቹን ቆጠርኳቸው። 66 ናቸው። አንድም አልጎደለም። ታዲያ 11 ሴንቲ ሜትር የት ገባ?

በኋላ ገባኝ። የእትዬ እጅ ጠንካራ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ሲፈትሉ ኖረዋል። ክሩን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። የኔ እጅ ላላ ያለ ነው። እኔ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 12 ዐይን ስሠራ እርሳቸው 15 ይሠራሉ። ያው መርፌ፣ ያው ክር፤ እጁ ግን ልዩ ነው። እኔ የሰጠኋቸው የራሴን እጅ ቁጥር ነበር። እርሳቸው አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ይህንኑ በተማሪዎቹ ፊት ተናገርኩ። እትዬ ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ክሩን ለመፍተል ሁለት ወር ፈጀብኝ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ያን ጊዜ መስከረም እያለቀ ነበር። የጥቅምት ውርጭ ሩቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሸማኔው ተነሡ። «እኔ ድር ቆርጬ ከተሳሳትኩ አለቀ፤ የተቆረጠ አይመለስም። ይኼ ግን መች ተቆረጠ? ፍቺው፤ ክርሽ ይመለስልሻል» አሉ። ጫፉን ይዘው ሳቡ። ረድፉ ተርተር እያለ ተፈታ። እትዬ ከሥር ከሥሩ ጠቀለሉ። የ12 ቀን ሥራ ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ አለቀ።

የተፈታው ክር ተጨማዶ ነበር። ለብ ባለ ውሃ ነክረን፣ ከታች ትንሽ ድንጋይ አሥረን ጥላ ሥር ሰቀልነው። ሲደርቅ ቀጥ አለ። አንድ ክንድ ክር እንኳ አልጠፋም። የጠፋው ጊዜ ነው።

የእጃችሁን ልክ እንዴት ታውቃላችሁ?

ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳስተምር በመጀመሪያ ይህን አሠራለሁ።

1. በራሳችሁ ክርና መርፌ 20 ዐይን ጀምሩ።
2. 40 ረድፍ ሥሩ።
3. ጠረጴዛ ወይም ሰሌን ላይ ዘርጉት። አትሳቡት።
4. በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ለኩ። በዚያ ውስጥ ስንት ዐይን አለ? ወደ ላይስ ስንት ረድፍ አለ?
5. ሁለቱን ቁጥሮች በደብተራችሁ ጻፉ።

ሒሳቡን እትዬ ራሳቸው በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠሩት። 10 ሴንቲ ሜትር 15 ዐይን ነው። 50 ሴንቲ ሜትር 5 ጊዜ 15፣ ማለት 75 ነው። የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር የ15 ግማሽ ነው፤ 7 ተኩል። ዐይን ተኩል ስለሌለው 7 ይሁን። 75 ሲደመር 7፣ 82። በአሮጌው 66 ላይ መስመር አሠመሩበት። ከጎኑ 82 ብለው ጻፉ።

የሹራቡ ክፍሎች

ሹራቡ አምስት ክፍል አለው። አራት ማዕዘን ስለሆኑ ለጀማሪ አያስቸግሩም። የሚጠበው እጅጌው ብቻ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር 12 ዐይንና 24 ረድፍ ለሚሠራ እጅ፣ ደግሞም 15 ዐይንና 30 ረድፍ ለሚሠራ እጅ ቁጥሩ ይኸው፦

ጀርባ (አንድ)፦ ስፋት 55 ሴንቲ ሜትር። ለላላ እጅ 66 ዐይን፣ ለጠባቂ እጅ 82 ዐይን።
ፊት (ሁለት)፦ የእያንዳንዱ ስፋት 27 ሴንቲ ሜትር። ለላላ እጅ 32 ዐይን፣ ለጠባቂ እጅ 40 ዐይን።
የጀርባውና የፊቱ ርዝመት፦ 75 ሴንቲ ሜትር። ለላላ እጅ 180 ረድፍ፣ ለጠባቂ እጅ 225 ረድፍ።
እጅጌ (ሁለት)፦ በትከሻ በኩል ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር። ለላላ እጅ 48 ዐይን፣ ለጠባቂ እጅ 60 ዐይን። ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር።

እጅጌው ከትከሻ ተጀምሮ ወደ እጅ አንጓ ይጠባል። በየ4 ሴንቲ ሜትሩ በረድፉ መጀመሪያና መጨረሻ ሁለት ሁለት ዐይን አንድ ላይ አድርጋችሁ ሥሩ። በአንድ ጊዜ 2 ዐይን ይቀንሳል። ይህን 9 ጊዜ አድርጉ። ከዚያ 42 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ቀጥ ብላችሁ ሠርታችሁ ዝጉት።

የእናንተ እጅ ከሁለቱም ቢለይ አትደንግጡ። በሴንቲ ሜትሩ ያዙና እንደ እትዬ አስሉ። 10 ረድፍ በሠራችሁ ቁጥር በደብተራችሁ አንድ ጭረት አድርጉ። ኩራዝ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ እንግዳ ሲመጣ ቁጥሩ ከጭንቅላት ይጠፋል። ከደብተር ግን አይጠፋም።

አንድ ዐይን ከመርፌው ቢያመልጥ ሥራውን አትሳቡ። ወዲያው በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ መርፌው መልሱት።

አሰፋፍ

በመጀመሪያ ትከሻውን ስፉ። ጀርባውን ዘርጉ፤ ሁለቱን ፊቶች በላዩ ላይ አድርጉ። ከዳር ጀምራችሁ 19 ሴንቲ ሜትር በግራም በቀኝም ስፉ። በመካከል 17 ሴንቲ ሜትር ለአንገት ይቀራል። ያልተሰፋው የፊቱ ጫፍ ወደ ውጭ ሲታጠፍ ኮሌታ ይሆናል።

ቀጥሎ የእጅጌውን ሰፊ ጎን መካከሉን ከትከሻው ስፌት ጋር አገናኙና ስፉ። በመጨረሻ ሹራቡን እጠፉና ከእጅ አንጓ እስከ ብብት፣ ከብብት እስከ ታች ድረስ በአንድነት ስፉ። ክሩን በጣም አትሳቡ፤ ስፌቱ ይሸበሸባል።

ቁልፍስ? ለጀማሪ የቁልፍ ቀዳዳ አስቸጋሪ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅም ቁልፍ አይቆልፍም። እኛ መቀነት አደረግንበት። በአገራችን ወገብ በመቀነት ሲታሰር የኖረ ነው፤ ሹራቡም አላፈረበትም።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ጫን ጫን እያደረጋችሁ እጠቡት። አትሹት፤ አትጠምዝዙት። በፎጣ ወይም በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጭመቁ። ከዚያ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ አስጡት። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት በውሃው ክብደት ይረዝማል።

ሹራቡ ሲያልቅ

ሹራቡ ያለቀው ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውርጩ ቀድሞን ነበር። ያ ጊዜ በኔ ስህተት የባከነ ነው። እናትየው በእነዚያ ሌሊቶች በርዷቸዋል።

እትዬ «ነይ እዪው» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። እናታቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ በመጀመሪያ ቀኝ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ግራ እጃቸውን በእጅጌው አስገቡላቸው። ኮሌታውን አጠፉላቸው። መቀነቱን አሠሩላቸው።

እናትየው ትከሻቸውን ዳበሱ። እንደ ልማዳቸው የሚወርደውን ጋቢ ሊይዙ ነበር። የሚወርድ ነገር አላገኙም። ትንሽ ቆዩና ሁለቱንም እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

አሁን በጣቢያችን ስድስት ሰዎች ሹራብ ይሠራሉ። ሸማኔው ከስድስቱ አንዱ ናቸው። «ወንድ ሹራብ ይሠራል እንዴ?» ብሎ አንድ ጎረምሳ ቢጠይቃቸው፣ «የለበስከውን ጋቢ ማን ሠራው?» አሉት። ስድስቱም በደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእጃቸውን ልክ ጽፈዋል። ቁጥሮቹ አንድ አይደሉም።

ጥያቄዎች

1. የእትዬ የመጀመሪያው ጀርባ ለምን ጠበበ?
2. የአንድ ሰው እጅ በ10 ሴንቲ ሜትር 13 ዐይን ይሠራል። ለ50 ሴንቲ ሜትር ስንት ዐይን መጀመር አለበት? (መልሱን አስሉና 65 ከሆነ ልክ ናችሁ።)
3. በጨርቁ ላይ 30 ጉብታ መስመር ቆጠራችሁ። ስንት ረድፍ ሠርታችኋል?
4. ለማን ሹራብ መሥራት ትፈልጋላችሁ? የሰውየውን ልክ ለኩና በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥሩ የእጃችሁን ልክ ጻፉ።